በበጋ የተፈታ ገመድ

ሰውየውን ሁሉም «ገመዴ» ይሉታል፤ እናቱ ያወጣችለትን ስም የሚያስታውስ ከሚስቱ በቀር የለም። ሥራው ሰውና ዕቃ በታንኳ ማሻገር ነው፤ መቅዘፊያ ግን በእጁ ነክቶ አያውቅም። ከዳር እስከ ዳር የተወጠረውን ወፍራም ገመድ እጁን እያፈራረቀ ይስባል፣ ታንኳውም ይከተለዋል።

ወንዙ ድንበር ነው። የወዲህኛው ቀይ መሬት ለጡብ እንጂ ለዘር አይሆንም። የማዶው ጥቁር አፈር ሽንኩርት ያበቅላል፤ ቤት ከሠሩበት ግን ግድግዳው ይሰነጠቃል። ስለዚህ ጡብ ይሄዳል፣ ሽንኩርት ይመጣል፤ ገመዴ መሃል ላይ ሆኖ ሁለቱንም ይራገማል። «ጡቡ ወገቤን ቆረጠው፣ ሽንኩርቱ ዓይኔን አጠፋው!» እያለ አንድ ልጁን አሳድጎ ለማዶ ገበሬ ዳራት። ራሱ ነው ያሻገራት። ያን ቀን ጡቡንም ሽንኩርቱንም አልረገመም።

ከዚያ ድንበሩ ተዘጋ። ለምን እንደሆነ ለሸለቆው ሰው ማንም አልነገረውም። የድንበር ጠባቂዎች ታንኳውን በሰንሰለት አሰሩት፤ ገመዱን «ይሄ ደግሞ ምን ያደርጋል» ብለው ተዉት። የጡብ ምድጃዎቹ እሳት ጠፋ። የማዶው ሽንኩርት በክምሩ በሰበሰ፤ ነፋሱ ሲዞር ሽታው እዚህ ድረስ ይመጣ ነበር።

እዚያ ሸለቆ ውስጥ ስልክ አይሠራም፤ ቢጮኹም ወንዙ ይውጠዋል። ገመዴ ግን ጠዋት ጠዋት ገመዱን ሳብ ሳብ ያደርጋል። ልጁም ከማዶ ሳብ ሳብ ታደርግለታለች። ደህና ነን ማለቷ ነው። ቤት ገብቶ ለሚስቱ «ደህና ናቸው» ይላታል፤ እሷም «እሰይ» ትላለች። ሁለቱም የሚኖሩት ለዚች ነበር።

ጎረቤቱ ጡብ ሠሪ ጓዙን ጭኖ ሊሄድ ሲል፣ «አንተስ? እዚህ ምን ቀረህ?» አለው።

«ገመድ ነዋ!»

«አበድክ በቃ!» አለው ጡብ ሠሪው፤ ሁለቱም ሳቁ። የጡብ ሠሪው ዓይን ግን እንባ አቅርሮ ነበር።

ያ ገመድ የሚፈታው በክረምት፣ ጎርፍ ሲመጣ ብቻ ነው። ከተዳረች ወዲህ ልጁ ከማዶ ትፈታዋለች፣ የወዲህኛው ስቦ ይጠቀልለዋል፣ ውሃው ሲጎድል እንደገና ይወጠራል። ቋጠሮውን ገመዴ ያስተማረው ለልጁ ብቻ ነበር።

አንድ የበጋ ጠዋት እንደ ልማዱ ሳብ ቢያደርገው ገመዱ ዝም ብሎ መጣለት። «ተበጥሶ ይሆናል» ብሎ ተስፋ አደረገ፤ በገመድ መበጠስ ተስፋ ያደረገ ሰው ከእሱ ሌላ አላውቅም። ሲስብ፣ ሲስብ ጫፉ እግሩ ሥር ደረሰ። አልተበጠሰም። ቋጠሮው በእጅ ተፈትቷል፤ ጫፉም እንዳይተረተር፣ እሱ እንዳስተማራት፣ በክር ጥብቅ ተደርጎ ተጠምጥሟል። ቀና ብሎ ወደ ማዶ አየ። ከልጁ ቤት ጭስ አይወጣም። በሩም ተዘግቷል።

ገመዱን ተሸክሞ ሲገባ ሚስቱ ከመቀመጫዋ ተነሳች።

«ምነው? ጎርፍ መጣ እንዴ?»

«አዎ፣ መጣ» አላት።

ደጁ ክፍት ነበር፤ ፀሐይዋ እስከ መሃል ቤት ገብታለች። ሚስቱ ወደ ውጭ አላየችም።

«እንግዲያው ደረቅ ቦታ አስቀምጠው» አለችው።