እንስሳ የማያሰቃይ ጥይት

አላህ ይዘንላቸውና አጎቴን ከቀበርናቸው ሳምንት ሆነ። የሸዋሮቢት ወጣቶች፣ «ጋሼ፣ ለሚዳቋም ለአጋዘንም ለከርከሮም የሚበቃው ጥይት የቱ ነው?» ሲሏቸው፣ «የድሮው ጠመንጃ፣ የዲሞፍተር። እንስሳውን ሳያሰቃይ ይጥላል» ይሉ ነበር።

ወንድሜ አልሰማቸውም። አምና ማሽላችን ውስጥ የገባውን ከርከሮ በክላሽ ሦስቴ መታው። የቆሰለው ከርከሮ ዞሮ መጣና የወንድሜን ጭን እስከ አጥንቱ ዘነጠለው። አጎቴ ሮጠው ደረሱ፤ አፈሙዙን ከከርከሮው ጆሮ ሥር ደግነው ባንድ ጥይት ጣሉት። ደሙ ፊቴ ላይ ተረጨ። የወንድሜን ጭን በጥምጣማቸው እያሰሩ፣ «ሕመም ነው ያሳበደው፤ ያሳመምከው ደግሞ አንተ ነህ» አሉት።

በቀብሩ ዕለት ወንድሜ እያነከሰ ጀናዛቸውን ተሸከመ። ቀባሪዎቹ «ለሌላ ሰው ልቀቅ፣ እግርህ አይችልም» ቢሉት፣ «እስከ መቃብሩ አልለቅም» አለ። ስንመለስ ማሽላው አሽቷል፤ እሳቸው ይጠብቁበት የነበረው ማማ ላይ ማንም አልነበረም።