አማቴ ቤት ስለ ሴቶች መብት ያደረግሁት ንግግር

ደባርቅ መናኸሪያው አጠገብ ባለችው ሻይ ቤት የማልከራከርበት ነገር አልነበረም። ፌዴራሊዝም በሉት፣ ባህል በሉት፣ ነፍስ አለች የለችም በሉት። አስተማሪ ነኝ፤ ክፍል ውስጥ ደወል ያቋርጠኛል፣ እዚያ ግን የሚያስቆመኝ የለም። አንድ ቀን «ሽምግልና ኋላ ቀርነት ነው! ሰው ለራሱ ጉዳይ ራሱ ይናገር!» እያልኩ ጠረጴዛውን ስደበድብ፣ ጎረቤቴ የሆኑት ቄስ ሻያቸው እንዳይፈስ ብርጭቋቸውን አነሱ።

ብዙም ሳይቆይ ሚስቴ ልብሷን ሸክፋ ዳባት አባቷ ቤት ገባች። ለምን እንደሄደች አላወቅሁም፤ ለወዳጆቼ ግን ምክንያቱን በሦስት ከፍዬ ተንትኜላቸዋለሁ። ሳምንት ሳይሞላ ቤቱ ጭር አለብኝ፤ ናፈቀችኝ። አፍሬ አፍሬ ቄሱ ደጅ ሄድኩ።

«አባቴ፣ ሽማግሌ ይሁኑልኝ።»

«እሺ ልጄ። ግን የምንናገረው እኛ ነን። አንተ አንገትህን ደፍተህ ዝም ነው። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም።»

«ዝም ማለት ደግሞ ምን ያቅታል!» አልኳቸው። አይ እኔ!

ቄሱና አንድ ሌላ ሽማግሌ አማቴ ቤት ቆመው ሲለምኑ እኔ ከኋላቸው ተገትሬያለሁ። አማቴ ትንሽ ከተግደረደሩ በኋላ «መቼም የሴት ልጅ ወጉ ከባሏ ቤት ነው፤ ትመለሳለች። በሉ ተቀመጡ» አሉ። አለቀ፤ ሚስቴን አገኘሁ። አሜን ብሎ መቀመጥ ብቻ ነበር የቀረኝ።

እኔ ሆዬ፣ «ይቅርታ አባባ፣ እዚህ ላይ አልስማማም!» ብዬ ጀመርኩ። የሴት ልጅ ነጻነት፣ የባህል ጫና፣ ሕገ መንግሥቱ... ቄሱ ኮቴን ሳብ አደረጉኝ። እኔ እቴ! ሰው ሲጎትተኝ እውነት የያዝኩ ነው የሚመስለኝ።

ሚስቴ ከጓዳ ወጥታ፣ እጇን አጣምራ እስክጨርስ ሰማችኝ። ሞኙ ልቤ ያደነቀችኝ መሰለው።

«ጨረስክ?»

«አዎ።»

«ስለ ሴት ይኼን ሁሉ ታውቃለህ። ያስወረደኝ ቀን አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጠህ ለአስታማሚዎቹ ስለ ምርጫ ነበር የምታስረዳው። እስከ ዛሬ አንዲት ቀን ‹እንዴት ነሽ?› ብለኸኛል?»

እፍረት እንደዚያን ቀን አቃጥሎኝ አያውቅም።

«እንዴት ነሽ?» አልኳት።

«አሞኛል» አለችና መደቡ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። አማቴም «እስኪሻላት እዚሁ ትቆይ» አሉ፤ ያን ቀን ደባርቅ የተመለስኩት ያለ እሷ ነው።