ለዘነበች ያልከፈትኩት በር

ይህን ለነፍስ አባቴም አልተናገርኩም። ጾሜአለሁ፣ ሰግጃለሁ፣ ጥቃቅኑን ኃጢአት ሁሉ ዘርዝሬአለሁ፤ ይህን ግን ዋጥኩት። እናንተ ታገሡኝ፤ እኔ ራሴን መታገሥ አቅቶኛል።

ንጉሡ እንጦጦ ላይ ከተማ ሲቆረቁሩ፣ እኔ ከየካ ሚካኤል በታች ብረት እቀጠቅጥ ነበር። ጥዱን ለሚጨፈጭፉት ሁሉ ምሳር የምሠራው እኔ ነኝ። ምሳሬን ይወስዱና ዘወር ሲሉ «ቡዳ» ይሉኛል። ብረት ቀጥቃጭ በዓይኑ ሰው ይበላል ይባል የለ? ለምጄው ነበር፤ ሚስቴን ዘነበችን ሳል እስኪይዛት ድረስ።

መጀመሪያ ጉንፋን ነው አልን። ሳሉ ግን ከክረምት እስከ ክረምት ዘለቀ። ሰውነቷ አለቀ፣ ላብ ያጠምቃት ጀመር፣ ኋላም አክታዋ ደም ቀላቀለ። ሰው ሁሉ የሚያደርገውን እኔም አደረግሁ፤ ነፋስ እንዳይመታት የግድግዳውን ስንጥቅ ሁሉ በጭቃና በእበት ደፈንኩ። እንዲሞቃት ብዬ የከሰል ምድጃዬንም ወደ ውስጥ አስገባሁ። ይህ አለማወቅ ነው። ይህ ብቻ ቢሆን ምን ያናዝዘኝ ነበር?

አንድ ጠዋት ምሳር አድርሼ ስመለስ፣ ዘነበች እንደምንም ወጥታ፣ ግድግዳውን ተደግፋ ወደ ኮተቤ ሜዳ ስታይ አገኘኋት። ደረቷ ቤት ውስጥ እንደሚለው ሲር ሲር አይልም፤ ረጋ ብሎ ይነሣል፣ ረጋ ብሎ ይወርዳል። «ዛሬስ ትንፋሼ ሞላልኝ» አለችኝ፣ አንዴም ሳትስል። ገባኝ! ዕድሜዬን ሙሉ ወናፍ ስነፋ የኖርኩ ሰው፣ ሳንባ ምን እንደሚፈልግ እንዴት አይገባኝ?

ወዲያው ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሱ ሴቶች አለፉ። እሷን አዩ፤ ከዚያ እኔን አዩ። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ሳብ አደረጉ። ከሚስቴ ትንፋሽ ይልቅ የእነሱ አፍ አስጨነቀኝ። አንሥቼ አስገባኋትና በሩን ቀረቀርኩ። እኔ ነኝ የቀረቀርኩት፤ እያወቅሁ።

በየቀኑ «ኧረ ክፈትልኝ» ትለኛለች። «ነፋስ ይመታሻል» እላታለሁ፤ ውሸቴን። በመጨረሻ መረራትና «አንተ ሰው፣ ወናፍህ አፉ ተደፍኖ ሲነፋ አይተህ ታውቃለህ?» አለችኝ። እኔም ተናደድኩባት! በምትሞት ሴት! ጀርባዬን ሰጥቻት ከሰሌን ማራገብ ቀጠልኩ። ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

በሽታው እንደማይምራት አውቃለሁ። ግን አየር ጠግባ መሞት ማንን ይጎዳ ነበር?

በሩን የከፈትኩት አስከሬኗ ሲወጣ ነው። ያን ቀን ወለል አድርጌ ከፈትኩት። ለቀስተኛው ገባ፣ የጥዱም ነፋስ ገባ። ለማን ብሎ?

ሰዎቹም ያው የፈራሁትን አሉ፤ «ባሏ በላት» አሉ። ስንት ዘመን ተቆጣሁባቸው! አሁን ቁጣዬ በእኔው ላይ ነው። በልቻታለሁ፤ በዓይኔ ሳይሆን በመዝጊያዬ። ዘነበች ይቅር በይኝ ለማለት አፌን ስከፍት፣ መልሷን አውቀዋለሁ። መጀመሪያ በሩን ክፈትልኝ ነው የምትለኝ።