አገዳው ሳይሰበር

ጎረቤቴ ባለፈው ሰሞን ቤት ሊሠራ የባሕር ዛፍ አጣና አስጭኖ መጣ፤ ወዛደሮቹ አጣናውን ከመኪናው ላይ እየወረወሩ ሲያራግፉት አንዱ በሌላው ላይ እየወደቀ «ቋ! ቋ!» ይል ጀመር። ሽንኩርት እየከተፍኩ ነበር፤ ቢላዋውን አስቀምጬ፣ ወጥቼ፣ አጥሩ ጥግ እንደ ሞኝ ቆሜ አዳመጥኩ። እዚህ ሐይቅ ከተማ ሆኜ የሰማሁት ግን የአምባሰሉን አውድማችንን ነበር፤ አባቴን፣ ወንድሜን ሰይድን፣ የጎረቤታችንን ልጅ ደምሌን፣ የዱላቸውንም ድምፅ።

አባቴን አገሩ ሁሉ አያ ሙሄ ይለው ነበር፤ በወጣትነቱ በምክቶሽ ስሙ የተጠራ ሰው ነበር። ምክቶሽ አንዱ በዱላ ሲሰነዝር ሌላው በዱላው እየመከተ የሚጫወቱት ጨዋታ ነው፤ በኢድም በጥምቀትም እስላም ክርስቲያኑ አንድ ላይ ይጫወተው ነበር። ክረምት ገብቶ ዝናቡ ቤት ሲያውለው አባቴ የወይራ ዘንግ ቆርጦ፣ ልጦ፣ ቅቤ ቀብቶ ከምድጃው በላይ ይሰቅልና ጭሱ እስኪያጠቁረው ይጠብቅ ነበር። እናቴ ቀና ብላ እያየችው «ለጠጉሬ ያጣሁትን ቅቤ እንጨት ይጠጣው?» እያለች ታማርር ነበር። እሱም ይስቅ ነበር። በዚያን ጊዜ አባቴ ደስተኛ ሰው ነበር፤ ዕድሜውን ሙሉ የሰው መሬት በእኩል ሲያርስ ኖሮ አብዮቱ መሬቱን የራሱ አድርጎለት ነበርና፣ የገበሬ ማኅበሩ ስም ሲነሳ ዱአ ያደርግ ነበር።

ማሽላው ታጭዶ ሜዳው ሲገለጥ ትምህርቱ ይጀመር ነበር። ተማሪዎቹ ሰይድና ደምሌ ነበሩ፤ ደምሌ በአንድ ዓመት ይበልጠዋል፣ ከእኛ ቤት በልቶ ከእኛ ቤት የሚያድር ልጅ ነበር። አባቴ ወይራውን ወዲያው አይሰጣቸውም፤ የደረቀ የማሽላ አገዳ ያስይዛቸው ነበር። ምቶቹን በእርሻ ሥራ ሰይሟቸው ነበር፤ ከላይ የሚወርደው ዝናብ፣ ጎን የሚፈልገው አጨዳ፣ ከታች ሽቅብ የሚነሳው ገለባ እንደሚያነሳው እንጨት መንሽ ይባል ነበር። «ዱላ በክንድ የሚመታ መስሎሃል?» ይል ነበር፣ «በተረከዝ ነው! ተረከዝህ መሬቱን ካልገፋ ክንድህ ቢያብጥም ዋጋ የለው።» ዋናው ትምህርት ግን መምታቱ አልነበረም። የተሰነዘረው አገዳ ከሰውዬው ገላ አንዲት ጣት ሲቀረው መቆም ነበረበት፤ ካላቆሙት ይሰበራል፣ የሰበረም ተሸናፊ ነው። የሚሰነዘርበትም ዓይኑን እንዳይጨፍን፣ ጓደኛው እንደሚያቆም አምኖ እንዲቆም ይማር ነበር። «መምታትማ አህያም ትችልበታለች» ይላቸው ነበር፣ «ማቆሙን አሳዩኝ።»

እኔ በደንቡ ተማሪ አልነበርኩም፤ ሴት ነበርኩ። ሆኖም ደምሌ እናቱን ሲያግዝ በሚውልበት ቀን ሰይድ የሚገጥመው ሲያጣ እኔን ይጠራኝ ነበር፣ እኔም የተረከዙን ነገር ከሁለቱም ፈጥኜ አገኘሁት። ማቆሙ ግን ጨርሶ እምቢ አለኝ። በበልግ ዝናብ ረጥቦ የከረመ አገዳ እንኳ ሰይድ ትከሻ ላይ ሰብሬያለሁ። አባቴ ስብርባሪውን እያነሳ «ይችንስ ከአላህ ሌላ የሚያቆማት የለ!» ሲል ሰይድ ትከሻውን እያሻሸ ይስቅ ነበር፤ አንድም ቀን አልመለሰልኝም፣ የእሱ አገዳ ግምባሬ ላይ እንደ ዝንብ መጥቶ ይቆም ነበር።

ከዚያ ጦርነቱ በረታ። መሬቱን የሰጠን ማኅበር ልጅ ይጠይቅ ጀመር፤ በየገበያው ወጣት ይታፈሳል፣ እናቶች ልጆቻቸውን ውጫሌ ገበያ መላክ ተዉ። ደምሌ ለራሱ ዘመቻ ላለመሄድ የአብዮት ጥበቃ ጠመንጃ ተሸከመ፣ እኛም ቤት መምጣቱን ቀነሰ፤ ሲመጣም በር ላይ ቆሞ ውኃ ጠጥቶ ይሄድ ነበር።

ጥር ነበር። ጤፍ እየወቃን ነበር፤ ሰይድ አባቴ በኋላ የሰጠውን የወይራ ዱላ ይዞ በሬዎቹን ያዞራል፣ እኔ እበት አነሳለሁ። ደምሌ ከሌላ ቀበሌ ከመጡ ሁለት ባለጠመንጃዎች ጋር በአውድማው ጠርዝ ብቅ አለ።

«ሰይዶ፣ ስምህ ወጥቷል፣ ና እንሂድ» አለው።

«አዝመራው እስኪገባ እንኳ፣ ደምሌ ልጄ» አለ አባቴ።

«አያ ሙሄ፣ ታዝዤ ነው፣ እኔስ ምን ላርግ?»

ሰይድ ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ሲሄድ ቀኝ ተረከዙ ገለባው ውስጥ ሲቀበር አየሁና ዝናብ እንደሚመጣ አወቅኩ። ከደምሌ ኋላ ወደ ገደሉ የሚወርደው መንገድ ባዶ ነበር፣ ሁለቱ ሰዎች ጠመንጃቸውን ከትከሻቸው ገና አላወረዱም ነበር። ወይራዋ እያፏጨች ወረደች፣ ከደምሌ ግምባር አንዲት ጣት ሲቀራትም ቆመች።

ደምሌ ከቦታው አልተነቃነቀም፤ ዓይኑንም አልጨፈነም። ቀስ ብሎ እጁን ዘርግቶ ዱላውን ከሰይድ እጅ ወሰደና መሬት ላይ አስተኛው። ሁለቱ ሰዎች ወንድሜን በገዛ በሬዎቻችን ጠፍር አስረው ወሰዱት። መትቶ ቢሮጥ ምናልባት ይተኩሱበት ነበር፤ ይህን ያሰብኩት ግን ካደግሁ በኋላ ነው። ያን ቀን ያሰብኩት «እኔ ብሆን ኖሮ አላቆምም ነበር» ብዬ ብቻ ነው።

ከሰሜን ጦር ግምባር አንዲት ደብዳቤ መጣች፣ «ደኅና ነኝ፣ ዘሐራ አገዳ መስበር ተወች ወይ?» ትላለች። ሌላ አልመጣም። እናቴ እያለቀሰች «ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል» ስትል አባቴ ራሱን ይነቀንቅ ነበር። «እጁን ያሰርሁት እኔ ነኝ፣ ጠፍሩ ኋላ የመጣ ነው» አለ አንድ ቀን፤ ከዚያ ወዲያ ማንንም አላስተማረም።

ስድስት ክረምት አልፎ መንግሥት ሲለወጥ ደምሌ ለጥቂት ሳምንታት ግሸን ማርያም ተጠግቶ ከረመና በሰኔ አንገቱ ላይ ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ ሊጠይቅ ደጃችን መጣ። አባቴ አየውና ወደ ቤት ገባ፤ ሲወጣ ወይራዋን ይዟል። እናቴ «ኧረ በአላህ!» ብላ ጮኸች። የአባቴ ተረከዝ ሲነሳ አየሁ፤ ዱላው ወረደና አንዲት ጣት ሲቀረው ቆመ።

«ዓይንህን ጨፈንህ» አለ አባቴ እያለከለከ። «ያኔ አልጨፈንህም ነበር።»

«ሰይዶን አውቀው ነበር፣ አያ ሙሄ» አለ ደምሌ፤ ድንጋዩ ከአንገቱ ወድቆ መሬት ላይ ተደፍቶ አለቀሰ። አባቴ ይቅር ማለቱን አልነገረንም፤ እናቴን ግን «ውኃ ስጭው» አላት።

አሁን አባቴም እናቴም የሉም፣ ወይራዋ እኔ ቤት ከቁም ሳጥኑ ጀርባ ናት። ያኔ በአገሩ ከጠመንጃው ጎን ዱላም ነበር፣ ዱላን የሚያቆም እጅም ነበር፤ ከጥቂት ዓመታት በፊት ሌላ ጦርነት በውጫሌ በኩል ወርዶ ደጃችን ሲደርስ የሰማሁት ተኩስ ግን አንድም ቦታ የሚቆም አልነበረም። የልጅ ልጄ ከዚያ ወዲህ «እማማ፣ አስተምሪኝ» ይለኛል። ተረከዙን አስተማርኩት፣ መመከቱንም አስተማርኩት፤ ማቆሙን ግን ገና አላስተማርኩትም። ትናንት ሲለማመድ አገዳውን እጄ ላይ ሰበረውና ደንግጦ አየኝ። «መምታትማ አህያም…» ብዬ ጀመርኩ፣ አልጨረስኩትም። ጎንበስ ብዬ ሌላ አገዳ አነሳሁና ሰጠሁት።