ድሬዳዋ የተዳረችው ልጅ

በደርግ ዘመን ፈረንሳይ ለጋሲዮን አንድ ፎቶ ቤት ውስጥ እሠራ ነበር። ሥራዬ በእርሳስና በምላጭ የሰው ፊት ማሳመር ነው፤ ጠባሳ አጠፋለሁ፣ የከሳ ጉንጭ እሞላለሁ። በእጄ እኮራ ነበር፤ ጉራዬም ለጉድ ነው።

አንድ ቀን ሾላ ገበያ ጎመን የሚሸጡ ጎረቤቴ መጡ። ያለቻቸው አንዲት ሴት ልጅ ብቻ ነበረች። እሷንም የቀበሌያችን ካድሬ ካላገባሁሽ ብሎ መግቢያ መውጫ ሲያሳጣት ከጓደኛዋ ጋር ወደ ጅቡቲ ጠፋች። ድንበር ማቋረጥ ያን ጊዜ ክህደት ነው፤ የቀረ ቤተሰብ ይታሰርበታል። እናትየው ለጠየቃቸው ሁሉ፣ ድሬዳዋ አክስቷ ዘንድ ሄዳ ወታደር አገባች ይላሉ። ካድሬው አላመነም። የሰርጓን ፎቶ አምጪ አላቸው፤ እሱን ሥሪልኝ ሊሉኝ ነው የመጡት።

እጃቸው ላይ ያለው ልጅቷ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ስትፈተን የተነሳችው አንድ ፎቶ ብቻ ነው። ፊልም እንደ ልብ ስለማይገኝ፣ መጀመሪያ ኮፒ ላንሳለት እንኳ አላልኩም። የፎቶ ቤቱን ቬሎ ለብሼ፣ የላስቲክ አበባ ይዤ ተነሳሁ። ከዚያ ፊቷን በምላጭ ቆርጬ እኔ አንገት ላይ ለጠፍኩና መጋጠሚያውን በእርሳስ ደበቅኩት። ሙሽራው የታለ ካለዎት ግንባር ነው ይበሉት አልኳቸው። ካድሬው ፎቶውን አገላብጦ አይቶ መለሰላቸው። እኔም ሰው ያዳንኩ መስሎኝ ሰነበትኩ።

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል። የእኔው እያደር ከበደ። በዓመቱ ጓደኛዋ ብቻዋን ተመለሰችና ለእናትየው በስውር አረዳቻቸው። ልጅቷ ድንበሩ ጋ ሳትደርስ በረሃ ላይ በውሃ ጥም ሞታለች።

ፎቶ ቤት መጥተው የተማሪነት ፎቶዋን መልሽልኝ አሉ። እናት የልጇን ፎቶ ታቅፋ ነው የምታለቅሰው። ቆርጬዋለሁ አልኳቸው፤ ያለችው ቬሎ የለበሰችው ብቻ ናት። አልተቆጡም። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ቬሎ የለበሰችውን ከነጠላቸው ሥር አውጥተው አዩና፣ «ልጄ፣ በወሊድ ሞተች ብል ያምኑኛል?» አሉኝ።

«ያምኑዎታል፣» አልኳቸው።

በማግስቱ እድሩ ድንኳን ተከለ። ከቀበና ድረስ ለቀስተኛ መጣ። አስለቃሿ ስለ ሙሽሪት፣ እናቱ ስላልታቀፈችው ሕፃን ግጥም ደረደረች፤ ሴቶቹ ደረታቸውን መቱ። ሁሉም ያለቀሱት እኔ በምላጭ ለፈጠርኳት ሴት ነው። ለዚያች በረሃ ለቀረችው ከእናቷ በቀር ማንም አላለቀሰላትም። አፈርኩ፤ ዛሬም አፍራለሁ።

ወደ ማታ እናትየው ድምፃቸው ተዘጋ። አንዷ ጎረቤት ውሃ በብርጭቆ አቀረበችላቸው። ፎቶውን እንዳቀፉ በክርናቸው ገፉት። ጉሮሮዎ ደርቋል፣ ትንሽ ይቅመሱ እያሉ ሴቶቹ ተራ በተራ ለመኗቸው፤ እሳቸው ከንፈራቸውን ገጥመው እኔን ብቻ ያያሉ። ካድሬው ፊት ለፊት ተቀምጧል። እኔም እንደ ሌሎቹ ብርጭቆውን ተቀብዬ፣ «ይጠጡ እንጂ፣» አልኳቸው።