ሰባ አንድ ወንበር

ታላቅ እህቴ እታለም በኪራይ አዳራሽ ወንበር ስትደረድር ጉልበቷ አለቀ። እንግዳ ከመግባቱ በፊት ትደረድራለች፣ ሲወጣ ትሰበስባለች። ባለ አዳራሹ ደግሞ ክፉ አመል አለበት። የመጨረሻው ረድፍ ከጎደለ ጥርሱ የወለቀ አፍ ይመስላል ብሎ ይነጫነጫል፤ ባዶ ወንበር ሲያይም ያው ነው። አንድ ቀን ራሱ ቢደረድር አመሉ በለቀቀው ነበር።

ስለዚህ የእንግዳው ቁጥር ሲነገራት እታለም መጀመሪያ ሲባዙ ያንን ቁጥር የሚሰጡትን ጥንዶች ትፈልጋለች፣ ረድፍ በወንበር። አርባ ስምንት ከሆነ ሁለት በሃያ አራት፣ ሦስት በአሥራ ስድስት፣ አራት በአሥራ ሁለት፣ ስድስት በስምንት። እዚያ ላይ ታቆማለች፤ ቀጥሎ የሚመጣው ስምንት በስድስት ነው፣ የመጡበትን መንገድ መመለስ። ከዚያ ለክፍሉ የሚስማማውን መርጣ ወገቧን ይዛ ትጀምራለች።

የልጇ ሰርግ ሲደርስ ሰውየው አዳራሹን በነጻ ፈቀደላት፣ አመሉን ግን አልተወም። እሷም የልጇ ቀን ጎደሎ ረድፍ እንዲታይበት አልፈለገችም። በዋዜማው ከሰዓት እሷ፣ ልጇና እኔ አዳራሹ ውስጥ ሳለን እታለም እንግዶቹን በቃሏ ቆጠረች፤ ሰባ አንድ። በሁለት ሞከረች፣ እምቢ። በሦስት፣ በአምስት፣ በሰባትም እምቢ። የቀረው አንድ በሰባ አንድ ብቻ ነው፤ ሰውን ሁሉ እንደ ታክሲ ሰልፈኛ በአንድ መስመር ማስቀመጥ።

ከመንገድ አንድ አላፊ አግዳሚ ጠርተን እንሙላ አልኳት። አልሳቀችም። ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ ጉልበቷን ማሸት ጀመረች፣ ለልጄ እንኳ አልሆነልኝም አለች።

ልጇ አጠገቧ በርከክ አለች። "እማዬ፣ ራስሽን ቆጥረሻል?"

እታለም "እኔ መች እቀመጣለሁ?" አለች።

ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ የሚለው ተረት እህቴን አያውቃትም። በዚያ አዳራሽ ውስጥ እንግዳ ሆና ተቀምጣ ስለማታውቅ ራሷን ማስገባት ትዝም አላላትም። እኔን ግን ቆጥራኛለች። በጣም አፈርኩ።

ሰባ ሁለት፣ ስምንት በዘጠኝ። እሷን አስቀምጠን እኔና ልጇ ደረደርን።

በማግስቱ ሙሽሮቹ ሲገቡ ሰው ሁሉ ተነሣ፣ ከፊት ረድፍ ከተቀመጠችው ከእታለም በቀር። አገጯ ደረቷ ላይ ወድቆ እንቅልፍ ወስዷታል። ልቀሰቅሳት እጄን ስዘረጋ ሙሽራዋ አጠገባችን ደርሳ ያዘችኝ።

"ተያት አክስቴ" አለችኝ፣ "ትቀመጥበት።"