ቆዳ የለበሱት የጀርመን መነጽሮች

የዚያን ኮረብታ ስም የነገረን ሰው አልነበረም። አንድ ዛፍ ስላልነበረበት «ራሰ በራው» እንለው ነበር። «ይዛችሁ ጠብቁ» ተባልን፤ ወጣን፤ ምሽግ ቆፈርን። ፊታችን ወደ ምዕራብ ስለሆነ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት በኋላ ፀሐይ ዓይናችን ውስጥ ትገባለች።

ለመቶ ጦራችን የተሰጠን መነጽር አንድ ብቻ ነበር፤ ሩቁን አቅርቦ የሚያሳይ፣ ከሁላችንም ዕድሜ የሚበልጥ የጀርመን የጦር መነጽር። ቃኚያችን አዳሙ ከመዝመቱ በፊት የዳንግላ ባለጋሪ ነበር። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ መስተዋቱ እያብረቀረቀ እንደሚያጋልጠን ያስተዋለው እሱ ነው። የጋሪ ፈረሱ ግራ ቀኝ እንዳያይ የሚጋርዱትን ሁለት ቆዳዎች ለማስታወሻ ይዟቸው መጥቶ ነበር። «ፈረሱን ትተህ መጋረጃውን?» እያልን ስንት ስቀንበታል! እነሱን በሁለቱ መስተዋቶች ዙሪያ ወደ ፊት አርዝሞ ሰፋቸው። ብልጭታው ጠፋ።

አንድ ቀን ሊጎበኘን የመጣ የበላይ መኮንን ይህን አይቶ ተቆጣ።

«የመንግሥት ንብረት ነው! እንደተሰጣችሁ ይሁን!»

«ጌታዬ፣ ያብረቀርቃል» አለ አዳሙ።

ማን ሰምቶት! ቆዳው ተነሣ። በማግስቱ አሥር ሰዓት ላይ አዳሙ ማዶውን ሲቃኝ ሞርታር ምሽጋችን ላይ ወደቀ። ተደገመ። ኮረብታውን ግን አልለቀቅንም።

ዛሬ እንጅባራ ቤቴ ውስጥ እንዲህ ያሉ ሰባት የጀርመን መነጽሮች አሉኝ። ከዳንግላና ከግምጃ ቤት ከተሞች ገበያ፣ ከአሮጌ ዕቃ ነጋዴዎች የለቃቀምኳቸው ናቸው። ሰባቱንም የጋሪ ፈረስ ቆዳ አልብሻቸዋለሁ።

በቅርቡ ለከተማው ዐውደ ርእይ ዕቃ የሚያሰባስብ ጎልማሳ ሊያያቸው መጣ። ሕዝብ ቢያይልኝ ምኞቴ ነበር።

«ጋሼ፣ ድንቅ ናቸው፤ ግን ቆዳውን ያንሡልን። ጥንታዊ ዕቃ እንደተሠራ ነው የሚታየው» አለኝ በትሕትና።

«አንድ ጊዜ ተነሥቷል። ሁለተኛ አይነሣም።»

«እንግዲያው ልንወስዳቸው አንችልም።»

«ይቅሩ!»

ስለ ጥንታዊ ዕቃ የተናገረው ልክ ሊሆን ይችላል። መቅረታቸውም ቆጭቶኛል፤ አልዋሽም። ነገር ግን ያንን ትእዛዝ በገዛ እጄ፣ በገዛ ቤቴ አልፈጽመውም።

ሞርታሩ የወደቀ ዕለት ከራሰ በራው ሥር አዳሙን ጨምሮ አምስት ሰው ቀበርን። መነጽሮቹን ማየት የሚፈልግ ቤቴ ይምጣ። አምስቱንም በስማቸው እነግረዋለሁ።